ጋሽ ተድላ የፈለገው የደጋ ሸለምጥማጥ

ጋሽ ተድላ መሞቱን የሰማሁት አርባው ከወጣ በኋላ ነው። ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ድሮ አብሮን ይሠራ የነበረ የሒሳብ ክፍል ሰው ከፊቴ ካለው ወንበር ዞር ብሎ፣ "ሰማሽ? ያ የሸለምጥማጡ ሰውዬ አዲስ አበባ አረፈ አሉ" አለኝና ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ሰውዬውን ሲያስበው ሌላ የሚመጣለት ነገር ስለሌለ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። "ስም አለው፤ ተድላ ይባላል" አልኩትና "ወራጅ!" ብዬ መሀል ቁልቁለቱ ላይ ወረድኩ። የቀረውን መንገድ በዚያ በአርባ ምንጭ ፀሐይ በእግሬ፣ እያለቀስኩ ጨረስኩት።

ደግ ነበር፣ ትሑት ነበር ብዬ አልጀምርም። ሰው ሲሞት የሚባለው ይሄው ነው፤ ጋሽ ተድላ ግን ትሑት አልነበረም። ነገረኛ ነበር። በዚያ ሙቀት ከረባቱን ሳያስር ቢሮ አይገባም፣ መነጽሩን የሚጠርገውም በከረባቱ ጫፍ ነው። ሰው አንድ ቃል ከተሳሳተ ካላረመ እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ጠዋት የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ነብር አየሁ ብሎ ግቢውን አሸበረ። ጋሽ ተድላ ወንበር ስቦ ፊቱ ተቀመጠና፣ "አየሁ አትበለኝ። ምን አየህ?" አለው። ጅራቱስ? ጆሮውስ? ሲሄድ ራሱን ዝቅ ያደርጋል ወይስ ቀና? ሰውዬው ላብ በላብ ሆነ። መጨረሻ ላይ ያየው የጎረቤት ውሻ መሆኑን በራሱ አፍ አመነ። ከዚያ ወዲያ ዘበኛው ጋሽ ተድላ ሲገባ በሩን የሚከፍትለት ፊቱን አዙሮ ነበር።

"ምን አየህ?" የሱ ነገር ነበረች። ለሁላችንም ትደርሰናለች። ገበያ ላይ ቲማቲም ተወደደ ብትለው እንኳን "ምን አየህ?" ይልሃል።

ትውልዱ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ነው። የዱር እንስሳት ባለሙያ ሆኖ በደርግ ጊዜ ተመድቦ መጣ፤ መንግሥት ተለውጦ ብዙዎቹ የሰሜን ሰዎች ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ እሱ ቀረ። "አገርህ አትገባም ወይ?" የሚሉት አልጠፉም፤ አንዳንዱ በቀልድ፣ አንዳንዱም ከልቡ። "ሥራዬን አልጨረስኩም" ይላቸዋል። እኔ የሲቀላ ልጅ ነኝ፤ እዚያው ሴቻ ግብርና መሥሪያ ቤት የቤት ኢኮኖሚክስ ባለሙያ ነበርኩ። ወደ ደጋው የምትወጣ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ብቻ ስለነበረችን፣ እኔ ለሴቶቹ ስለ ጓሮ አትክልት ላስተምር ስወጣ እሱ ሸለምጥማጡን ሊፈልግ አብሮኝ ይወጣል። እንዲህ ሆኖ ነው ሰውዬውን ያወቅኩት፤ በዚያ የዶርዜ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ሾፌሩ ማርሽ እየቀየረ፣ ጋሽ ተድላ እያስተማረ።

ሸለምጥማጥ ሲባል አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ዶሮ ሌባውን ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት ያለበት፣ ድመት የሚመስል ግን ከድመት ይልቅ ለጥርኝ የሚቀርብ። ቆላው ጫካ ውስጥ ያለው መልኩ ነጠብጣብ ነው፤ ጫኖ የሙዝ ማሳ ድረስ ይመጣል፣ ሴቻም የቤት ጣሪያ ላይ ሲሮጥ ይሰማል። ጋሽ ተድላ እሱን አይፈልግም። የሚፈልገው የደጋውን ነበር፤ ከእኛ አገርና ከአጎራባቾቿ በቀር በዓለም የትም የለም የሚባለውን፣ ስለ ኑሮው ሊቃውንቱም ብዙ የማያውቁትን። ጸጉሩ ሻካራ፣ መልኩ አመድማ ነው፤ ከትከሻው እስከ ዳሌው ደግሞ አምስት ጥቁር መስመሮች ይወርዳሉ። ይህን ሲነግርህ የቀኝ እጁን ጣቶች ከፍቶ በግራ ክንዱ ላይ ከክርኑ እስከ አንጓው ይጎትታቸዋል። በኋላ በኋላ ሳይናገር ሁሉ እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ ስብሰባ ላይ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ። መቼ ይወልዳል? የት ይወልዳል? እነዚህን ሲጠይቅ አንዳችን የደበቅነው ይመስል ይቆጣል።

ከዶርዜ በላይ ባለች አንዲት መንደር አናት ላይ፣ ቀርከሃና ያረጁ የኮሶ ዛፎች ያሉበት ጫካ ነበር። እዚያ ነው ያለው ብሎ አመነ። ያመነውም በኩሱ ነው። እንስሳው ለዓይነ ምድሩ የታወቀ ቦታ አለው፤ ተመላልሶ እዚያው ነው የሚወጣው። "በዚህስ ከአንዳንድ ሠራተኞቻችን ይሻላል" ይል ነበር ጋሽ ተድላ። ኩሱን በእንጨት ሰባብሮ ውስጡን ለገበሬዎቹ ያሳያቸዋል። "ይኸው የአይጥ ጸጉር። ይኸው የአይጥ ጥርስ። ገብሳችሁን የሚበላባችሁን ነው የሚበላላችሁ። ዶሮ የታለ? አሳዩኝ!" ገበሬዎቹ ይስቃሉ። ከረባት ያሰረ ሰው ተንበርክኮ ኩስ ሲፈለፍል አይተው አያውቁም።

ከሁሉም በላይ የወደዱት አቶ ሻኖ ነበሩ። የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። ጉልምስናቸውን አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠሩ አሳልፈው ስለነበር አማርኛ ይችላሉ፤ ብቻ ወንዱንም ሴቱንም ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ነው የሚሉት። እኔንም "ልጄ፣ አንተ ደህና ነህ?" ይሉኝ ነበር፤ ደስ ይለኛል። ጋሽ ተድላ በወጣ ቁጥር ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡበት ዱቡሻ ላይ፣ ሜዳው ላይ ከመሀላቸው ይቀመጥና መጀመሪያ ስለ ጤና፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ እንሰቱ ይጠይቃል። ከዚያ አይቀሬው ይመጣል፤ "ያንን አምስት መስመር ያለውን አይታችኋል?" አላየንም ይላሉ፣ ወይም አንዱ ከሩቅ አየሁ ይላል። "ምን አየህ?" ይጀመራል።

አንድ ጊዜ በመኪና ስንወርድ፣ "ለምን ወጥመድ አጥምዳችሁ ያዙልኝ አትላቸውም? ቆዳውን እንኳን ቢያመጡልህ?" አልኩት።

"ቆዳ እፈልጋለሁ ካልኩ ነገ በየደጁ ቆዳ ይወጠራል" አለኝ። "በሕይወት እያለ ነው ማየት የምፈልገው። ፎቶ አነሳዋለሁ፤ በቃ።" ፎቶ ማንሻውን በገዛ ደመወዙ ነበር የገዛው።

ነገሩ የመረረው ጫካው ሲታሰብለት ነው። ኃላፊያችን አዲስ ነበር፤ ገና ወጣት፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ቸኩሎ መታየት የሚፈልግ። ጫካው ያለበት ተዳፋት ተመንጥሮ የድንች ዘር ማባዣ ይሆናል ተባለ። ሽማግሌዎቹ አይሆንም አሉ፤ ማን ሰምቷቸው። ጋሽ ተድላ ኃላፊው ቢሮ ገብቶ ተከራከረ። እዚያ የሚኖረው እንስሳ ሌላ ቦታ እንዲህ በቀላሉ የማይገኝ ነው፤ ዛፉ ከተቆረጠ መደበቂያውም መውለጃውም ይጠፋል፤ አይጡም ድንቹን ይጨርሰዋል አለ።

"አቶ ተድላ፣ ሸለምጥማጥ እኔ ቤት ጣሪያ ላይም አለ" አለው ኃላፊው።

"እሱ ሌላ ነው።"

"ማስረጃ ያምጡና እንነጋገር።"

ይህንን ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው። የተናገረው በደንብ ትዝ ይለኛል፤ "እንስሳው እዚህ መኖሩን ካሳየሁ ጫካችሁን ሊተዉላችሁ ይችላሉ" ነው ያለው። አቶ ሻኖ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ተድላ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ዓርብ ዓርብ እየወጣ ሰኞ ከስቶ፣ ጭቃ ተለውሶ፣ ፊልሙን ባዶውን ይዞ ይመለሳል።

ኅዳር ላይ፣ ዝናቡ አቁሞ ገብሱ ሲያሸት፣ ወደ መንደሯ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ዱቡሻው ላይ ተሰብስበው፣ እርጥብ ሣር ይዘው ጠበቁን። ለእኛ ነው ብዬ አልገመትኩም። አቶ ሻኖ ተነሡ፤ መረቁ፤ ምርቃቱ ረጅም ነበር። ከዚያ አንድ ነገር በነጭ አዲስ ሸማ ተጠቅልሎ መጣ፤ ሸማውን የሠሩት ራሳቸው ነበሩ። በሁለት እጃቸው ለጋሽ ተድላ አቀረቡለት።

"ጋሼ፣ አንተ ሁልጊዜ ትመጣለህ፣ ትጠይቃለህ" አሉት። "ስጡኝ አላልክም። ሰው ታከብራለህ። እኛ አገር እንግዳ ደጋግሞ ከጠየቀ ፈልጓል ማለት ነው። አፉን ከፍቶ እስኪለምን ከጠበቅን ነውሩ የእኛ ነው። ቆየን፤ ይቅር በለን። ይኸው።"

ሸማውን ገለጠው። አመድማ ገላ፣ ቀለበታማ ጅራት። አንገቱ ላይ የወጥመዱ ገመድ ምልክት አለ።

ጋሽ ተድላ ተንበረከከ። የቀኝ እጁን ጣቶች ከፈተና ጀርባዋ ላይ አሳረፋቸው፤ ያ ዕድሜውን ሙሉ በገዛ ክንዱ ላይ ሲጎትተው የኖረው እጅ በመስመሮቹ ላይ ልክክ አለ። "እሷ ናት" አለ ቀስ ብሎ። ፊቱ ላይ ለአፍታ የታየው ደስታ ነበር፤ አልዋሽም፣ ደስታ ነበር። ከዚያ ሆዷን ገልበጥ ሲያደርግ እጁ ቀጥ አለ። አጠገቡ ስለነበርኩ አየሁ። ጡቶቿ አብጠው ነበር፤ ነካ ሲያደርጋቸው ወተት ወጣ።

ተነሣ። የአቶ ሻኖን ትከሻ ሳመ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ። ይህን ያህል ያከበረኝ ሰው የለም" አለ። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። ከዚያ የተያዘችበትን ቦታ አሳዩኝ አለና ወደ ጫካው ወጣን።

ያን ቀን እስከ አመሻሹ ድረስ ያላየው የዛፍ ሽንቁር አልነበረም። በዚያ ዕድሜው ኮሶ ላይ ይወጣል፣ ክንዱን እስከ ትከሻው ይከታል፣ ቀርከሃው ሥር በደረቱ ይሳባል። ሸሚዙ ተቀደደ። ከረባቱን ፈትቶ ለእኔ ሰጠኝ፤ ያለ ከረባት ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። አቶ ሻኖ ግራ ገብቷቸው ከኋላ ከኋላው ይከተሉታል።

"ጋሼ፣ ምን ጠፋብህ? እሱ እኮ ተገኘ።"

"ቤቱን ልይ ብዬ ነው፣ አባባ።"

ራቅ ሲሉ፣ "ልጆች አሏት፤ አይጥ መያዝ ካልጀመሩ አይተርፉም" አለኝ።

"ለምን አትነግራቸውም? አብረው ይፈልጉልህ ነበር።"

"ምን ብዬ ልንገራቸው? ያመጣችሁልኝ እናት ናት ልበል? በዚያ ሸማ ጠቅልለው?" አለና ወደ ሌላው ዛፍ ሄደ።

አላገኘንም። ስንወርድ ሸማውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ መኪናዋ ስትነጥር በእጁ ደገፍ እያደረገ ሴቻ ደረሰ።

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ አብሬው ገባሁ። ምስክር ትሆኛለሽ ብሎኝ ነው። ጋሽ ተድላ ሸማውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ሁሉንም አስረዳ፤ መስመሮቹን፣ ጸጉሯን፣ ከቆላው በምን እንደምትለይ። እንደዚያ አሳምሮ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ኃላፊው እንኳን ጸጉሯን ዳሰስ አደረገ። "ቆንጆ ናት" አለ። ልቤ ሞቅ አለ፤ አበቃ፣ ጫካው ተረፈ አልኩ።

"ስለዚህ እዚያ መኖሯን አረጋግጠዋል" አለ ኃላፊው።

"አረጋግጫለሁ።"

"አለች ነው የሚሉኝ ወይስ ነበረች?"

ጋሽ ተድላ የሸማውን ጫፍ አስተካከለ።

"ከዚች ሌላ በዓይንዎ ያዩት አለ?"

አየሁ ቢል ማን ይጠይቀው ነበር? እኔ ምስክር ነኝ፣ እኔም አየሁ እል ነበር፤ ምን ገዶኝ! በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። እሱ ግን መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ።

"አላየሁም" አለ። "የምታጠባ ነበረች። ልጆች ይኖሯታል ብዬ አምናለሁ።"

"ያምናሉ እንጂ አላዩም። አንዷን አዩ፤ እሷም ይቺው ሞታለች። ታዲያ ጫካው ለማን ይቆይ?" ኃላፊው ይህን ሲል አልተቆጣም፤ ፈገግ ብሎ ነበር። ያን ፈገግታ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

ቆዳዋን ጋሽ ተድላ በገዛ እጁ ገፎ፣ ጨው ነስንሶ፣ ወደ አዲስ አበባ ላከው። ደረሰኝ ያለ የለም። ብዙም ሳይቆይ የሠራተኛ ድልድል መጣና የሱ ሥራ መደብ ተሰረዘ፤ አዲስ አበባ ሄደህ ምደባ ጠብቅ ተባለ። የሸኘነው በአንድ ጠርሙስ ለስላሳና በአንድ ንግግር ነው፤ ንግግሩን ያደረገው ያው ኃላፊ ነበር።

ከመሄዱ በፊት መንደሯን ልሰናበት አለኝና ወጣን። ጫካው ገና አልተነካም፤ ምንጠራው በበጋው መጨረሻ ነው የተባለው። አቶ ሻኖ ከቤታቸው በራፍ ላይ ጠበቁን፤ ሰላምታው ሳያልቅ፣

"ጋሼ፣ የሰጠንህ ነገር ጠቀመህ? ለጫካው ሆነ?" አሉ።

ለምን እንደሚጠይቁ ገባኝ። መንደሩ በዚያ ሸማ ኩራት ተሰምቶታል። ጋሽ ተድላ እጃቸውን ይዞ ቆየና፣ "ጠቀመኝ፣ አባባ። በጣም ነው የጠቀመኝ። ኃላፊው ራሱ ዳሰሳት፤ ቆንጆ ናት አለ" አላቸው። ሽማግሌው ፊታቸው በራ። መረቁት። ያን ያህል ሲመረቅ አንገቱን አላቀናም።

መኪናው ውስጥ ዝም ማለት አልቻልኩም። በሰው ሁሉ ላይ ሲፈርድበት የኖረው ሰውዬ! "ጋሼ፣ ምን አየህ?" አልኩት በነገር።

"እሳቸውን አየሁ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ደጋውን አላየውም። በዓመት በዓል እየደወለ፣ "ደጋው እንዴት ነው?" ይለኛል። "ደህና ነው" እለዋለሁ። ጡረታ ወጣ፣ ታመመ፣ እኔም "ደህና ነው" እንዳልኩት ሞተ። አሁን ሊሰማኝ ስለማይችል ልናገር።

እሱ በሄደ በዚያው በጋ፣ ሠራተኞች መጥረቢያ ይዘው ወደ ተዳፋቱ ወጡ። በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው፣ አቶ ሻኖ ከዶርዜ በጭነት መኪና ተሳፍረው ሴቻ መጡ። በዚያ ሙቀት ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ በእጃቸው ማዳበሪያ ጆንያ ይዘው፣ የቢሮዬ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አቧራ ውጧቸዋል።

"ልጄ፣ ጋሼ የለም?"

"ተዛወረ እኮ አባባ። ሊሰናበትዎ መጥቶ አልነበር?"

"አዎ። ረሳሁ። ታዲያ አንተ ትቀበላለህ?" ጆንያውን መሬት አስቀመጡት። "ሰዎቹ ዛፉን እየቆረጡ ነው። እኛ ተሰብስበን መከርን። ጋሼ ጠቅሞኛል ብሎ ነበር፤ ጋሼ አይዋሽም። ያኛው ለአንድ ጊዜ ነው የሆነው ማለት ነው። አንሶ ነው አልን። ሸማ አላደረስንም፤ በችኮላ ነው፣ ይቅር በለኝ።"

ጆንያውን ፈቱልኝ። ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም በድን። ከትከሻ እስከ ዳሌ አምስት አምስት መስመር፤ መጠናቸው ገና የእናታቸውን አያህልም። ከተቆረጠው ኮሶ አናት ላይ ካለ ሽንቁር ነው ያወጣናቸው አሉኝ፤ ሦስተኛ እንደሌለ ደህና አድርገን ፈልገናል አሉኝ።

"ይበቃል?" አሉ ዓይን ዓይኔን እያዩ። "ልጄ፣ ለጫካው ይበቃል?"

"ይበቃል፣ አባባ" አልኳቸው።